ስብራት ያልወሰደውን እግር ማሰሪያ እንዳይወስደው

በጦር ሜዳም ሆነ በመኪና መንገድ ላይ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ዕጣው የሚወሰነው ሆስፒታል ከገባ በኋላ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከዚያ አስቀድሞ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና መጀመሪያ በነካው እጅ ይወሰናል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ ገልጿል። ከሞት ተርፈው የሚጎዱት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ስለዚህ ነገሩ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የወታደሩም የከተማው ነዋሪም ጉዳይ ነው።

በአገራችን አጥንቱ የተሰበረ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት አለው። ወጌሻው ቅርብ ነው፤ የሚጠይቀው ዋጋ ጥቂት ነው፤ ጎረቤትም ያውቀዋል። የአጥንት ሐኪሞች ግን በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ይገኛሉ። ቀላል ስብራት በወጌሻ እጅ ሲድን መታየቱም የማይካድ ነው። አደጋው ያለው ከማሰሪያው ላይ ነው። የተሰበረ እጅ ወይም እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። የቀርከሃው ስንጥር ጠብቆ ከታሰረ ያበጠው ሥጋ መስፊያ ያጣል፤ የደም ዝውውርም ይታገዳል። ይህ ሁኔታ 6 ሰዓት ያህል ከቆየ ጡንቻና ነርቭ ወደማይመለስ ጉዳት ሊደርሱ ይችላሉ። በጥቂት ሳምንታት ሊጠገን ይችል የነበረው እግርም በመቆረጥ ይቋጫል።

ታዲያ ወጌሻውን ማውገዝ መፍትሔ ይሆናልን? ታሪክ የሚያስተምረን ሌላ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሂው ኦወን ቶማስ የተባለው ሐኪም የተወለደው በዌልስ ከታወቀ የወጌሻ ቤተሰብ ነበር። አባቱ ልጆቹን ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ላከ። ልጁም እግርን ወጥሮ የሚይዝ የብረት ድጋፍ ሠራ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ የጭን አጥንታቸው በጥይት ከተሰበረ የእንግሊዝ ወታደሮች ከመቶ 80 ያህሉ ይሞቱ እንደነበር የጊዜው ሐኪሞች ጽፈዋል። ይኸው ድጋፍ ከግንባር ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለበት በ1917ቱ የአራስ ውጊያ ግን የሟቾቹ ቁጥር ከመቶ ወደ 16 ገደማ መውረዱ ተመዝግቧል። የወጌሻ ልምድ ከሳይንስ ጋር በመገናኘቱ ሠራዊት ተጠቀመ።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንደሚያመለክተው ወጌሻዎች የአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላ በጠበቀ ማሰሪያ ምክንያት የሚቆረጡ እጅና እግሮች በግልጽ ቀንሰዋል። የአንድ ቀን ትምህርት ይህን ካስገኘ፣ ወጌሻንና ሆስፒታልን የሚያገናኝ የዘወትር አሠራር ምን ያህል ሊያስገኝ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ይሁን እንጂ የወጌሻው ድርሻ ወሰን ሊኖረው ይገባል። አጥንቱ ቆዳን ሰንጥቆ የወጣ ስብራት፣ የጭን ስብራት፣ የአከርካሪ ጉዳትና የዳሌ ውልቃት ሳይታሹና ሳይጎተቱ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው። የጭን አጥንት ስብራት ብቻውን 1 ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ሊያፈስ ይችላል። በሌላ በኩል ራጅ ያረጋገጠውን የጭን ስብራት በአጥንቱ መቅኒ ውስጥ በሚገባ ብረት መጠገን ስለሚቻል በሽተኛው ለሳምንታት ተወጥሮ መተኛት ላያስፈልገው ይችላል።

እስከዚያው ድረስ ማንኛውም ወታደርና ነዋሪ ሊያውቀው የሚገባው ጥቂት ነው። ደም የሚፈስበትን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ፤ የወጣውን አጥንት ወደ ውስጥ አለመግፋት፤ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉት መገጣጠሚያዎች እንዳይንቀሳቀሱ አድርጎ ማሰር፤ ካሰሩም በኋላ ጣቶቹን ደጋግሞ መመልከት ነው። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ፣ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ ማሰሪያው ወዲያውኑ ይላላ፤ ጉዳተኛውም ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ጀሶ የታሰረለትም ሰው ቢሆን ይህን ምልክት ሲያይ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ መመለስ አለበት።

ወጌሻው ማሰሪያውን ማላላት፣ ሐኪሙም ወጌሻውን ማስተማር ከቻሉ ብዙ ሰው በሁለት እግሩ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሳይሆን መቀራረብን ብቻ የሚሻ ተግባር በመሆኑ ለነገ የሚባል አይደለም።