ቅኔ ይዘረፋል፣ አዝማሪ ግን አይዘረፍም

ትናንት ከቢቸና ወደ ሞጣ ስመጣ የሚኒባሱ ሹፌር አንድ «ሪሚክስ» ከፈተልን። ከበሮው የኮምፒውተር ነው፤ ይሰበራል፣ ይቆማል፣ መልሶ ይነሳል። ከሥሩ ግን ማሲንቆ አለ። ማሲንቆውን አወቅኩት! ሞጣ ውስጥ በስንት ሰርግ ላይ የሰማሁት ሰውዬ ነው። እንደወረድኩ ስልኬ ላይ ፈለግኩት። የዲጄው ስም በትልቁ ተጽፏል። የአዝማሪውስ? የለም። «ጎጃም ሪሚክስ» ይላል፣ አለቀ።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ «ቲቸር አርጅተዋል» እንደምትሉ አውቃለሁ። የለም ልጆች፣ ጠቤ ከማሽኑ ጋር አይደለም። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ «ባህል ተበላሸ» ካሉት ጋር ቡና ቤት ቁጭ ብዬ የተከራከርኩ ሰው ነኝ። ኢትዮጵያን ሬከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ «ሌቱ ሲነጋ»ን፣ ሚካኤል ሰይፉ ደግሞ «ዘላለም»ን ሲያወጡ (እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016) የኛ ድምፅ በኤሌክትሮኒክስም መኖር እንደሚችል አሳይተውናል።

እንዲያውም የተሰበረ ምት ይስማማናል። ችክችካችን በስድስት የሚቆጠር ነው፤ ትከሻ የሚነቃው በመሀሉ ነው። ያንን በአራት ቀጥ አድርጎ «ድም ድም ድም ድም» ሲያስኬዱት ነው እስክስታው የሚሞተው። ስለዚህ ምቱን ሰባብሩት፣ ደግ አደረጋችሁ! ሰውየውን ግን አትሰባብሩት።

እኛ እኮ የቅኔ አገር ልጆች ነን። ዲማ ጊዮርጊስ ቢቸና አጠገብ ነው። ቅኔ መዝረፍ እኛ ዘንድ ክብር ነው፤ ዘራፊው ግን አዲስ ነገር ከራሱ ያመጣል። ከማን ተማርክ ሲሉት የመምህሩን ስም ይጠራል። የሌላውን ቅኔ የኔ ነው ያለ ተማሪ ከጓደኞቹ ፊት ቀና ብሎ አይሄድም። ታዲያ ለቅኔ የምናውቀውን ነውር ለማሲንቆ ማን አስረሳን?

«የሕዝብ ዜማ ነው፣ ባለቤት የለውም» የሚል መልስ ይመጣል። ዜማው የሕዝብ ይሁን፣ እሺ። ያቺ ማታ የተመታችው ምት፣ ያ ድምፅ፣ ሰዉን እያየ የፈጠራት ግጥምስ? እሷ የሱ ናት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም መብት ሰጥቶታል። ሕጉ አዲስ አበባ ብቻ የሚሠራ ይመስል ሞጣ ላይ ማንም አያነሳውም።

የዚህን መጨረሻ ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1969 «ዘ ዊንስተንስ» የተባለ የአሜሪካ ባንድ «ኤመን ብራዘር» የሚል ዘፈን ቀረጸ። በመሀሉ ግሪጎሪ ኮልማን ለሰባት ሰከንድ ያህል ከበሮ ብቻውን ይመታል። ጃንግልና ድራም ኤንድ ቤዝ የቆሙት በዚያች ቁራጭ ላይ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች ውስጥ ገብታለች። ኮልማን ከዚያ ሁሉ ሳንቲም ሳያገኝ በ2006 ሞተ። የባንዱ መሪ ሪቻርድ ስፔንሰር በ2015 ወደ 24 ሺህ ፓውንድ ሲደርሰው፣ እሱም አድናቂዎች ያዋጡለት ነበር። እኛም ከ40 ዓመት በኋላ መዋጮ እንሰብስብ?

አዝማሪ ሰርግ ላይ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል። ስልክ ውስጥ ግን ግንባር የለውም። ስሙ ነው ግንባሩ።

የምጠይቀው ቀላል ነው። ከመቅረጻችሁ በፊት አስፈቅዱት። ስሙንና አገሩን ከዲጄው ስም እኩል ጻፉ። ገንዘብ ከመጣ አካፍሉት።

እኔም የሰውየውን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ስላላስፈቀድኩት ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኘዋለሁ፣ እጠይቀዋለሁ። ሪሚክሱን የሠራኸው ልጅ፣ ማን ያውቃል፣ እኔው ያስተማርኩህ ትሆናለህ። ሥራህ ቆንጆ ነው፣ እውነቴን ነው። ና አብረን እንሂድ፣ ሻዩ በኔ ነው።