ቀለም ቀቢ ሮቦቶችና የሠራተኛው ደኅንነት

የቀለም ርጭት ሳንባን ከሚጎዱና ለእሳት አደጋ ከሚያጋልጡ የኢንዱስትሪ ሥራዎች አንዱ ነው። ሥራውን ለማሽን በማስረከብ ረገድ በኖርዌይ ብሪነ ከተማ የእጅ ጋሪ ያመርት የነበረው ትራልፋ የተሰኘ ኩባንያ በፈር ቀዳጅነት ይጠቀሳል። ኩባንያው የቀለም ቀቢ እጥረት ስለገጠመው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሮቦት ሠርቶ በ1969 ለገበያ አቅርቧል።

ይሁን እንጂ ሰውን በማሽን መተካት ብቻውን አደጋውን አላስወገደም። የቀለም ማቅጠኛ ትነት ከአየር ጋር ሲቀላቀል አነስተኛ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊያቀጣጥለው ይችላል። በመሆኑም ሞተሮቹ በታሸገ አካል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ኃይል ከመለቀቁ በፊትም ንጹህ አየር ይነፋባቸዋል። የውስጡ ግፊት ከተወሰነው መጠን ከወረደ ኃይሉ ይቋረጣል።

ሰውም ቢሆን ከክፍሉ ሙሉ በሙሉ አልወጣም፤ ባለሙያው የክንዱን እንቅስቃሴ ለማስተማር ሊጠጋው ይገደዳል። አይ ኤስ ኦ 10218 የተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃ በዚህ ወቅት የተቀነሰው ፍጥነት በሰከንድ ከ250 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ የሚደነግገውም ለዚሁ ነው። በባለሙያው እጅ ያለው የፈቃድ ቁልፍ ሲለቀቅም ሆነ በድንጋጤ ሲጨመቅ ክንዱ ይቆማል።

ምርት ለማፋጠን ሲባል እነዚህን መከላከያዎች ማሰናከል ሮቦቱ ያስገኘውን ደኅንነት መልሶ ማሳጣት ይሆናል።