ከማዘጋጃ ቤት እስከ ጓዳ

ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባ ያደረ እንግዳ በማለዳ ተነሥቶ መስኮቱን ቢከፍት ከተማዋን በጢስ ተሸፍና ያገኛታል። በየሰፈሩ የግቢው ጥራጊ፥ የረገፈው ቅጠል፥ ያረጀው ጨርቅና ወረቀት በየደጁ ተከምሮ እሳት ይለኮስበታል። ሕዝቡም ይህን ልማድ «ኅዳር ሲታጠን» ይለዋል። ነገሩ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ በዓለም ሁሉ የተዛመተው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ፥ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሕዝቡን ፈጀው። «የኅዳር በሽታ» የተባለውም እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቤትንና ደጅን ጠርጎ ጥራጊውን ማቃጠል መቅሠፍትን ማራቂያ ሆኖ ኖረ።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ልማዱ የተጀመረው ለጤና ነው። ዛሬ ግን ከክምሩ ውስጥ የሚገባው ቅጠልና ገለባ ብቻ አይደለም። ፌስታሉ፥ የውሃው ፕላስቲክ፥ ያረጀው ጫማ፥ አልፎ አልፎም የመኪና ጎማ ሳይቀር አብሮ ይነዳል። ጢሱም የሕፃኑንና የሽማግሌውን ሳምባ የሚያስጨንቅ ነው። በቅርብ ዓመታት የከተማዋ ሹማምንት ቆሻሻው ተጠርጎ እንዲነሣ እንጂ እንዳይቃጠል ማሳሰባቸው ስለዚህ ነው። ማሳሰቢያው ይነገራል፤ ጢሱም እንደ ልማዱ ይነሣል። ለምን ቢሉ፥ ደጃፏን ጠርጋ የሰበሰበችውን የሚወስድላት ጋሪ በጊዜው ካልመጣ፥ አንዲት የቤት እመቤት ከክብሪት ሌላ ምን አላት? የከተማን ጢስ ለመቀነስ የሚወጣ ዕቅድ ሁሉ፥ በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ቢፈረምም፥ ዞሮ ዞሮ የሚገናኘው ከዚህች ሴት ጋራ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንነጋገረውም ስለዚሁ ነው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል፤ በሥራ ምክንያት አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን በየደብዳቤው የምታገኙት ነውና። «ሙቀት አማቂ ጋዝ» የተባለው «አመቀ» ከሚለው ግስ ነው፤ አፍኖ ያዘ፥ እንዳይወጣ ከለከለ ማለት ነው። ሌሊት ጋቢ ደርቦ የተኛ ሰው የገላው ሙቀት እንደማይወጣበት ሁሉ፥ እነዚህ ጋዞች በአየር ላይ ሲበዙ ምድር ከፀሐይ ያገኘችውን ሙቀት መልሳ እንዳትለቅ ያደርጋሉ። ከእነርሱ ሁለቱን ማወቅ ለዛሬው ይበቃናል። አንደኛው እንጨት፥ ከሰል፥ ቤንዚንና ናፍጣ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሁለተኛው የምግብ ትራፊና ልጣጭ፥ አየር በማያገኝበት ክምር ውስጥ ሲበሰብስ የሚወጣው ሜቴን ነው፤ ይህኛው በ100 ዓመት ሲታሰብ ከፊተኛው ከ25 እጥፍ በላይ ያሞቃል። የሽንኩርት ልጣጭ የሚጣልበት ሥፍራ የመንግሥት ጉዳይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢትዮጵያ ወደ አየር የምትለቀው ጋዝ ከዓለሙ ድምር ከመቶ አንዱን እጅ እንኳ አይሞላም። ታዲያ አዲስ አበባ ስለ ምን ትጨነቃለች የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ሩቅ አይደለም። ጋዙን የሚያወጡት ነገሮች ራሳቸው ሌላ ጉዳት አላቸው፤ ናፍጣው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ከሰሉ ደን ይጨርሳል፤ የቆሻሻው ክምር ሰው ይገድላል። ይህን የመጨረሻውን የምንለው ለማጋነን አይደለም፤ ወደ ታች እንደርስበታለን። የከተማዋ አስተዳደርም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2021 እስከ 2025 ላሉት ዓመታት የአየር ንብረት ዕቅድ አውጥቶ ነበር። በአውሮፓና በእስያ ባሉ ብዙ ከተሞች እንዲህ ያለው ዕቅድ የሚጀምረው ከኤሌክትሪክ ማመንጫው ነው፤ ማመንጫው የድንጋይ ከሰል ወይም ጋዝ ይበላልና። በእኛ ዘንድ ግን መብራቱ ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውሃ ስለሚመነጭ ሒሳቡ ከዚያ አይጀምርም። በይበልጥ የሚታሰቡት ሦስት ናቸው፤ መኪናው፥ ቆሻሻውና ምድጃው።

የምድጃው ጉዳይ ለአዲስ አበባ አዲስ ጥያቄ አይደለም። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ብዙ ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ አለቀ። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ ማገዶ ሲያልቅ ሰፈር ነቅሎ ወደ ሌላ ሥፍራ መሄድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም ከከተማዋ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም በተባለው ቦታ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ሳይዛወሩ የቀሩበት አንዱ ምክንያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ማገዶ ሆኖ መገኘቱ ነው። አዲስ ዓለም የተጀመረውም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። «ባሕር ዛፍ» የሚለው ስም ራሱ ዛፉ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ይናገራል። ዛፉ ውሃ ይመጥጣል፥ በሥሩም ሌላ አያበቅልም እየተባለ ዛሬ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ አንድ ዋና ከተማ በሥፍራው ጸንቶ እንዲኖር ያስቻለ ዛፍ ነውና ሲወቀስ ውለታውም አብሮ ቢነሣለት መልካም ነው።

ማገዶውን ከእንጦጦ ወደ ገበያ የሚያወርደው ግን የሴት ጀርባ ነበር። ከ30 ኪሎ የማያንስ የጭራሮና የቅጠል ሸክም በጀርባዋ አዝላ፥ አጎንብሳ ቁልቁል የምትወርድ ሴት ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለችም። ከደን ጠባቂው ጋራ እየተሯሯጠች፥ አንዳንድ ቀንም ሸክሟን ተቀምታ፥ ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ መናፈሻ ተመርቆ ሲከፈት ከለቃሚዎቹ መካከል በዚያው ሥራ ያገኙ አሉ። ይህ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን ደን ሲከለል፥ ከሰል ሲከለከል፥ በዚያ ይኖር የነበረው ሰው ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ በየዕቅዱ መጨረሻ ገጽ ሳይሆን በመጀመሪያው ገጽ መጻፍ ይገባው ነበር እንላለን። የተቀነሰውን ጋዝ በሚቆጥረው መዝገብ ላይ የዚህች ሴት ስም አይገኝምና።

ወደ ጓዳ እንግባ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የእንጨቱን ምድጃ ከብዙ ቤት አስወጥቶታል። ከሸክላው ሥር ሽቦ የተዘረጋበት ይህ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ኀይል ይስባል፤ ይኸውም የ10 ዋት አምፖል ከ300 እስከ 400 ያህል በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ያሉት እናቶች ሁሉ ለፋሲካ ዋዜማ ምጣዳቸውን ቢሰኩ መስመሩ ላይ ምን እንደሚደርስ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሆን ሳያስፈልግ ይታወቃል። ሊጡ ቦክቶ፥ አብሲቱ ተጥሎ፥ ምጣዱ ሊጋል ሲል መብራት ይጠፋል። የቦካ ሊጥ ደግሞ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ይኮመጥጣል። ስለዚህ አስተዋይ የሆነች የቤት እመቤት በአንድ ጥግ ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል፥ በሌላው ጥግ እንጨት ሳታስቀምጥ አታድርም። አንድ ኪሎ ከሰል በገጠር ሲከሰል ከ5 ኪሎ የማያንስ እንጨት እንደሚፈጅ ስንሰማ እናዝናለን፤ ነገር ግን ከሰሉን ያስገዛት ስንፍናዋ ሳይሆን ጥንቃቄዋ ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ማመንጨት እንዲችል ተደርጎ ተሠርቷል። ኀይሉ ከጉባ ተነሥቶ እስከ ከተማዋ ይደርሳል፤ የሚቀረው ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ጓዳው ያለው አጭር መንገድ ነው። እኛ ስናየው የዕቅዱ ከባዱ ክፍል ይህች አጭር መንገድ ናት። መብራት በመጋገሪያው ቀን እንደማይጠፋ ለአንድ ዓመት ያህል ያረጋገጠች እናት ከሰሉን ማንም ሳያዛት ትተወዋለች።

አሁን ወደ ቆሻሻው እንመለስ። በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፥ ረጲ በተባለው አካባቢ፥ «ቆሼ» የተባለ ሥፍራ አለ፤ ስሙም «ቆሻሻ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋ ጥራጊ ሁሉ በዚያ ሲደፋ ኖሮ ኮረብታ ሆነ። በኮረብታው ላይ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ የሚሸጡ፥ በግርጌውም ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ኮረብታው ተናደ። ከ110 በላይ ሰው፥ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት፥ ከሥሩ ተቀበሩ። ለሟቾቹ የሐዘን ቀን ታወጀ። ከላይ የቆሻሻ ክምር ሰው ይገድላል ያልነው ይህን ነው።

ከአደጋው በፊት ሌላ ሥፍራ ሳይታሰብ ቀርቶ አልነበረም። ሰንዳፋ አጠገብ አዲስ መድፊያ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር። ነገር ግን በአካባቢው ያሉት ገበሬዎች ሽታው በረታብን፥ ውሃችንና ከብታችን ተጎዳ ብለው ተቃወሙ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ተዘጋ። የጭነት መኪናዎቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። በሚቀጥለው ዓመት የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ገበሬው ሳይጠየቅ የተነደፈ ዕቅድ ወረቀቱ ቢያምርም መንገድ ላይ ይቀራል፤ እዳውም ዕቅዱን ባልነደፉት ላይ ይወድቃል።

ከአደጋው በኋላ በቆሼ ላይ በጃፓን አገር በፉኩኦካ ከተማ የተገኘው ዘዴ ተሞከረ። ዘዴው ቀዳዳ ያላቸውን ቱቦዎች በክምሩ ውስጥ መዘርጋት ነው፤ በቱቦው አየር ሲገባ ሜቴኑ ይቀንሳል፥ እዥውም ይወርዳል፥ ክምሩም ይረጋል። ብልሃቱ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ በመሆኑ ወደነዋል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ያወጣል የተባለው የረጲ ማመንጫ ተመረቀ። ሥራው ግን እንደታሰበው ሳይቆራረጥ አልሄደም። ምክንያቱን ከጓዳ ብንፈልገው ጥቂቱን እናገኘዋለን። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የምግብ ትራፊ፥ ልጣጭና አትክልት ነው፤ እርጥብ ነው። እርጥብ ነገር ለማቃጠል መጀመሪያ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ የክረምቱ ዝናብ ሲጨመርበትማ የሚነደው ውሃው ይመስላል። ይህን ከየቤቱ ሳይለዩ ከማቃጠያው ደጅ ማድረስ በእርጥብ እንጨት እንጀራ ለመጋገር እንደመነሣት ያለ ነው።

መለየቱ ደግሞ ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። በየመንደሩ እየተዘዋወረ «ቆራሌው!» እያለ የሚጮኸውን ሰው ሁላችሁም ሰምታችኋል። ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ አጥሮ የመጣ ነው ይባላል። ብረቱን፥ ጠርሙሱን፥ ያረጀውን ጫማ ገዝቶ መርካቶ ያደርሳል፤ በዚያም ያረጀው ታድሶ ይሸጣል። ደመወዝ ሳይከፈለው የከተማዋን ሸክም ያቃልላል። የጎደለው እርጥቡን የሚወስድ ሰው ነው። ልጣጭና ትራፊ አፈር ተቀላቅሎበትና እየተገለበጠ አየር ሲያገኝ በጥቂት ወራት ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ጓሮ ያለው ያውቀዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ግን ጓሮ የለውም። ለእርሱ ሁለት ባልዲ፥ ሁለት ቀንና ሁለት ጋሪ ያስፈልገዋል፤ ከዚህ የበለጠ ምርምር አይጠይቅም።

ስለ መኪናው ብዙ አንልም፤ ጋዜጣው ሁሉ የሚጽፈው ስለ እርሱ ነውና። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ባቡር በሁለት መስመር 34 ኪሎሜትር ያህል ይሄዳል፤ በኤሌክትሪክ መሄዱ መልካም ነበር፤ ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጦት ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ። በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በመንግሥት ተገለጸ፤ በዓለም ላይ ይህን ያደረገ ሌላ አገር ከዚያ በፊት አልነበረም። የኤሌክትሪክ መኪናዎቹ በመንገዱ ላይ እየበዙ ነው። አብዛኛው ሕዝብ ግን ወይ በእግሩ ይሄዳል፥ ወይ በታክሲ ሰልፍ ላይ ይቆማል፤ የእግረኛው መንገድ ቢጠገን ብዙ ጢስ ይቀር ነበር።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት ዘንድ ሄደን፥ በመጪው ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻው ሳይቃጠል ጋሪ መጥቶ ያነሣዋል ቢባል ምን ይላሉ ብለን ጠየቅናቸው። እማማ የከሰሉን ምድጃ እያራገቡ፥ ጀበናውንም እያስተካከሉ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም፥ «ለእኔማ ደስታዬ ነው ልጆቼ፤ ጢሱ ዓይኔን ነው የሚያጠፋው። ግን ጋሪው በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቁን። የምንመልስላቸው አልነበረንም፤ ሁለተኛውን ቡና ቀዱልን።