ቫይረሱ ሞተ ቢባል፣ ሕዋሱስ?

ከንፈር ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣ ወላጆቻችን «ምች መታው» ይላሉ። በደረት ወይም በወገብ አንድ ጎን እንደ እሳት እየለበለበ የሚወጣውን ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ይሉታል። ሐኪሞች ሁለቱን ሄርፐስ ከሚባለው የቫይረስ ቤተሰብ ይቆጥሯቸዋል። (ፀሐይ ያመጣዋል መባሉም ከንቱ ወሬ አይደለም፤ በነርቭ ውስጥ የተኛውን የከንፈር ቫይረስ ብርቱ ፀሐይ ሊቀሰቅሰው ይችላል።)

በየጊዜው «በላቦራቶሪ ተፈትኖ ሄርፐስን ገደለ» የሚል ዜና እናነባለን፤ ከዜናው ኋላም ቅባትና ሻይ የሚሸጥ አይጠፋም። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሕዋሱስ ምን ሆነ?

ፈተናው እንዲህ ነው። በትንንሽ የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ሕዋሳት ይራባሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራባቸው ቬሮ የሚባሉት፣ በ1962 በጃፓን ከአፍሪካ ጦጣ ኩላሊት የተወሰዱት ናቸው። የሳህኑን ወለል እንደ ስስ ምንጣፍ ሲሸፍኑት ቫይረስ ይጨመርባቸዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቀለም ሲፈስባቸው፣ ቫይረሱ የበላው ቦታ ቀለም ሳይዝ ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። ቀዳዳው ይቆጠራል። አዲሱ ንጥረ ነገር ቀዳዳዎቹን በግማሽ የቀነሰው በምን ያህል መጠን ነው? የመጀመሪያው ቁጥር ይህ ነው፤ ዜናው የሚያወራውም ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር የሚገኘው ቫይረስ ከሌለበት ሳህን ነው። ንጥረ ነገሩ ብቻውን ሲጨመር ከሕዋሳቱ ግማሹን የሚገድለው በምን ያህል መጠን ነው? ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ የተገኘው መርዝ እንጂ መድኃኒት አይደለም። በረኪናም እኮ ቫይረስ ይገድላል።

በ1960ዎቹ ለዓይን ሄርፐስ የዋለው አይዶክስዩሪዲን ምስክር ነው። በዓይን ጠብታነት ጠቀመ፤ ግን የጤነኛውንም ሕዋስ ሥራ ስለሚያውክ ወደ መላው ሰውነት እንዲገባ መስጠቱ አደገኛ ሆነ። አሲክሎቪር የተለየው እዚህ ላይ ነው። ወደ ሕዋስ ሲገባ እንደተኛ ነው፤ የሚቀሰቅሰው የቫይረሱ የራሱ ኢንዛይም ነው። የዶክትሬት ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በ1988 የኖቤልን ሽልማት የተካፈሉት ጌርትሩድ ኤሊዮን ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዳሳዩት፣ ቫይረስ በያዘው ሕዋስ ውስጥ የሚገኘው የነቃ መድኃኒት በጤነኛው ውስጥ ካለው ከ40 እስከ 100 እጥፍ ይበልጣል።

ይህም ሆኖ አሲክሎቪር በነርቭ የተኛውን ቫይረስ አያወጣም። ያ የሳህን ፈተናም የሚያሳየው የሚባዛውን እንጂ የተኛውን ቫይረስ አይደለም። ስለዚህ «ከሥሩ ነቅሎ ያድናል» የሚል ሻጭ ፈተናው እንኳ ያላሳየውን እየተናገረ ነው።

አዲስ መድኃኒት አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ሰውነታቸው በሽታ የመከላከል አቅሙ በደከመ ሰዎች ላይ ቫይረሱ አሲክሎቪርን ሊለምድ ይችላል። በ2017 በጃፓን ለአልማዝ ባለጭራ የተፈቀደው አሜናሜቪር የሚያጠቃው ሌላውን የቫይረሱን ኢንዛይም ነው፤ እንዲህ ያለው መንገድ ይበርታ። ዳማከሴውም በዚሁ ሚዛን ይመዘን፤ አንንቀውም።

ከጋዜጦችና ከሻጮች የምንጠይቀው ሁለቱንም ቁጥር እንዲጽፉ ነው። እናንተ ደግሞ አልማዝ ባለጭራ የወጣባቸው ሽማግሌ በቤታችሁ ካሉ «በላቦራቶሪ የተፈተነ» ሻይ እያጠጣችሁ አትቆዩ። የሐኪሙ መድኃኒት በተሻለ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነውና በዚያው ቀን ወደ ኩፓት ሆሊም ውሰዷቸው። ሽፍታው በዓይን አካባቢ ከሆነ ደግሞ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂዱ።