እድራችን ለቀብር ብቻ ነው?

ሰው ሲሞት እናውቅበታለን። ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ የእድሩ ገንዘብ በሰዓቱ ይደርሳል። በሰው አገር መንገድ ላይ የታመመ ነጋዴ ግን ማን አለው? ዘመድ ካለው ዘመዱ፤ ከሌለው እግዜር ብቻ።

በወሬ ሰምተን አይደለም የምንለው። ባለፈው ጉዟችን ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ ስንሄድ፣ ማርሳቢትን እንዳለፍን አንዷን ጓደኛችንን ላብ አጠመቃት። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ስናናግራት የማይገናኝ ነገር ትመልሳለች። አንዳችን "ወባ ነው" አልን፤ ሌላችን "ድካም ነው፣ ትተኛ" አልን። ተኛች። ብንቀሰቅሳት አልነቃም አለች። አዲስ አበባ ልጇ ጋ ስንደውል "እማዬ እኮ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች" አለችን። ስድስት ዓመት አብረን ስንነግድ አናውቅም ነበር! ጠዋት መድኃኒቷን ወስዳ ቁርስ ሳትበላ ነው የተሳፈረችው። ምክንያቱን ሴቶቹ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ሹፌሩን "ለሽንት አቁምልን" ላለማለት አንበላም፣ አንጠጣም።

ኢሲዮሎ ሐኪም ቤት ግሉኮስ በደም ሥሯ ሲሰጣት ነቃች። ተኝታ እንድትታከም ግን ማስያዣ ተጠየቀ። በቦርሳችን ያለው ብር እዚያ አይሠራም፤ ሽልንጋችንም አልበቃም። ኢስሊ ያለው ወንድሟ በኤምፔሳ ላከ። ሚስቱ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ መጥታ ሁለት ሌሊት ወንበር ላይ አደረች። እግዜር ይስጣቸው። የላከው ገንዘብ የሱቁ ኪራይ እንደነበር የሰማነው ግን በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በተነሳ ቁጥር "ዋናው ዘመድ ነው" ይባላል። ይህ አይዋጥልንም። የእነሱ ደግነት የእኛ ስንፍና መሸፈኛ መሆን የለበትም። ኢስሊ ወንድም የሌላት ብትሆንስ ኖሮ? አብዛኞቻችን እኮ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ባለው ወደ 780 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ማንም የለንም። ለዕቃችን መጥፋት፣ ለቀረጡ፣ ለምንዛሪው እናስባለን፤ ለራሳችን ሲሆን "እግዜር ያውቃል"።

"በሽታን ማውራት ገበያ ይዘጋል" የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፤ ታማለች ከተባለ ዱቤ የሚሰጥ ይቀንሳል። እኛም ፈርተነዋል። ግን ለገበያው ሁሉ ንገሩ አላልንም። አጠገባችሁ ለምትቀመጠው አንዷ ንገሩ። የመድኃኒቱን ስምና የአንድ ቤተሰብ ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙ። ኢንሱሊን ሙቀት ያበላሸዋልና ጣራ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ አይግባ። ስኳር ያለበት ሰው ላብ ካጠመቀውና ከተንቀጠቀጠ፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ወይም ለስላሳ ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም እንዳታደርጉ፤ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። እባካችሁ ደግሞ አውቶቡሱን አስቁሙ! ማፈር ያለበት የማያቆመው ሹፌር ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ እቁብ የምናውቅ ሰዎች ይህ አይከብደንም። በየጉዞው እያንዳንዳችን 500 የኬንያ ሽልንግ እናዋጣ። በአንዷ የኤምፔሳ መስመር ይቀመጥ፤ ሌላዋ መዝገቡን ትያዝ። ለታመመ ማስያዣ ብቻ ይውጣ፤ ዘመድ ያለውም የሌለውም እኩል ይርዳበት። የዳነው ሠርቶ ይመልሳል።

ጓደኛችን ይህን እንድንጽፍ ፈቅዳልናለች። የመጀመሪያውን 500 ያዋጣችውም እሷ ናት። እኛ ከሚቀጥለው ጉዞ እንጀምራለን፤ የእናንተ ቡድንስ?