ስለ ወላድ ሸንተረር

ብዙ እናቶች ከአራስነት ከተነሡ በኋላ በሆዳቸው፣ በጡታቸውና በጭናቸው የሚታየውን ሸንተረር ለማጥፋት ምን እንደሚበጅ ይጠይቃሉ። ስለዚህ በዚህ ወር ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን።

ሸንተረር የሚመጣው በእርግዝና ጊዜ ቆዳ በፍጥነት ሲለጠጥ በውስጡ ያሉት ደጋፊ ክሮች ስለሚበጣጠሱ ነው። በመጀመሪያ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፤ ከወሊድ በኋላ ግን በወራት ውስጥ በራሱ እየደበዘዘ ይሄዳል። ፈጽሞ ባይጠፋም እንደ ፊተኛው አይጎላም።

ቅቤም ሆነ የወይራ ዘይት ደረቅ ቆዳን ያለሰልሳል፤ ማሳከክንም ያስታግሣል። ሸንተረርን ይፍቃል ማለት ግን አይደለም። ኮክሬን የተባለው የጥናት ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. 800 ሴቶች የተካፈሉባቸውን 6 ምርምሮች መርምሮ፣ የሚቀቡ ነገሮች ሸንተረርን ለመከላከላቸው በቂ ማስረጃ አላገኘም። እንግዲህ በቤት ያለውን ቅባት በእርጋታ መቀባት ይበቃል፤ ለውድ ብልቃጥ የልጅን ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ከሁለት ነገሮች ግን እንድትጠነቀቁ አደራ እንላለን። ሎሚ የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲነካው ይቃጠላል፤ ጠባሳውም ከሸንተረሩ ይብሳል። ቆዳ የሚያነጣ ቅባትም አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበትና ከእናት ጡት ወተት ጋር ወደ ሕፃኑ ሊደርስ ይችላል። ስቴሮይድ ያለበትም ቆዳን አሳስቶ ራሱ ሸንተረር ያወጣል። ስለዚህ የምታጠባ እናት ሐኪም ሳትጠይቅ መድኃኒት ነክ ቅባት አትቀባ።

ባልም ሚስቱን በዚህ ምልክት ሊያሳፍራት አይገባውም፤ ልጁን ስትሸከም ያገኘችው ነውና።