ከዋሽንግተን ገለምሶ፦ 13 ሰዓት ሲባል ስንት ሰዓት ነው?

ለኢድ ወይም ለሠርግ ከአሜሪካ ዘመድ የሚጠብቅ ቤተሰብ ሁሉ የሚጠይቃት ጥያቄ አለች፤ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ስልክ ርቀቱን ለአውሮፕላን ፍጥነት አካፍሎ ቁጥር ይሰጣል። ገለምሶ ኤርፖርት እንደሌላት ግን አያውቅም።

እስቲ ከቦሌ እንነሳ። ከቦሌ ዋሽንግተን ዳለስ በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ወደዚህ ሲመጣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ይገባል። ከዚህ ሲሄድ ግን 16 እና 17 ሰዓት ይሆናል። አንዱ ምክንያት ነፋስ ነው፤ ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ መጪውን ይገፋል፣ ሂያጁን ይይዛል። ዋናው ምክንያት ግን ቦሌ ራሱ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ሻንጣና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ነዳጅ ቀነስ አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። ለዓመታት ደብሊን ላይ ሲያርፍ የነበረው ለዚህ ነው።

ቲኬቱም ያሳስታል። 22:30 ማለት በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው። የመድረሻው ሰዓት ደግሞ የተጻፈው በዋሽንግተን አቆጣጠር ነው፤ እኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት እንቀድማቸዋለን። ይህን የረሳ ሰው ጉዞውን 10 ሰዓት ብቻ አድርጎ ያስበዋል።

አሁን ወደ ራሳችን መንገድ። ከቦሌ ገለምሶ ቀጥታ ቢለካ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ግን በአዳማ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽና በሚኤሶ አድርጎ ጭሮ ይወጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፍና በበዴሳ በኩል ገለምሶ ይገባል። እጥፍ ያህል ነው። ጠዋት ቦሌ የደረሰ እንግዳ የዕለቱ አውቶቡስ ሌሊት ስለወጣበት አዲስ አበባ ያድራል። ውቅያኖስ ከተሻገረበት ሰዓት የሚበልጠው እዚህ ይሄዳል ማለት ነው።

በጥር 2018 ግንባታው የተጀመረው የቢሾፍቱ ኤርፖርት ለእኛ ዜና የሚሆነው በዚህ በኩል ነው። ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል አውሮፕላኑ ከበድ ብሎ መነሳት ይችላል። በዚያ ላይ ከተማዋ መንገዳችን ላይ ናት። የመጀመሪያው ምዕራፍ በፈረንጆቹ 2030 ያልቃል ተብሎ ታቅዷል። ነገር ግን የሐረርጌ አውቶቡስ መነሻው አዲስ አበባ ብቻ ሆኖ ከቀጠለ፣ ቢሾፍቱ ያረፈው ሰውዬ አውቶቡስ ፍለጋ 40 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ሊመለስ ነው! ቢሾፍቱ ላይ መሳፈሪያ ይኑር የሚለውን ጉዳይ የዞኑ ትራንስፖርት ኃላፊዎች ከአሁኑ ቢያነሱት ይሻላል እንላለን።

እስከዚያው ድሬዳዋ አለች። ከቦሌ 1 ሰዓት ገደማ በረራ ነው፤ ከዚያ በቁልቢና በሂርና በኩል ጭሮ ይደረሳል። አዳሩን ያስቀራል፣ በተለይ ለአዛውንት። ግን የድሬዳዋው በረራ ከዋሽንግተኑ ጋር በአንድ ቲኬት ይቆረጥ። ለብቻው ከተቆረጠ የአገር ውስጥ የኪሎ ገደብ ሊመጣ ይችላልና፣ የሻንጣውን ነገር ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።